እንዲህ የሚባል የለም

«እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ ቤት የለም። ተሳስተዋል» አሉ ጋሼ ጀማለዲን፤ ስልኩንም ዘጉት። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ነበርኩ። የሳሎኑ ስልክ ዳንቴል ለብሶ ቡፌው ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ቡፌው ደግሞ የእኔን ክፍል ግድግዳ ተደግፎ ስለቆመ፣ የሚደወለውን ሁሉ ባልፈልግም እሰማለሁ። ክፍል አልኩ እንጂ ዕቃ ቤት ነው። በር የለውም። የመጋረጃ ነጋዴ ቤት በር ምን ያደርግለታል፣ የትም ብትዞሩ መጋረጃ ነው። ከአልጋዬ ጎን እስከ ጣሪያ ድረስ የጨርቅ ጣቃ ተደርድሯል፤ ዕቃ በገባ ቁጥር አልጋዬ ወደ ግድግዳው ይገፋል፣ ዕቃ በወጣ ቁጥር ትንሽ እተነፍሳለሁ። ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቴ ሲሞት ከቡታጅራ አምጥተው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸውና ክፉ ልናገራቸው አልችልም። ስልክ ላይ ግን ቁጡ ናቸው፤ ተሳስቶ የደወለ ሰው ሁሉ የዘረፋቸው ይመስላቸዋል። ለደዋዩ ትንሽ አዘንኩለትና ወዲያው ረሳሁት። እኔን ማን ይደውልልኛል ብዬ ጆሮዬን ላቁም? ደግሞም በዚያችው ደቂቃ ፊቴ ያለው ስክሪን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ምን እየሠራሁ እንደነበር ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ቤት ውስጥ የጠየቀኝ የለም። ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ለአንድ የሥራ ቦታ ሁለት ሰው አስቀርቶ፣ እኔንና አንድ ልጅን፣ ለየብቻችን ያረጀ ኮምፒውተር አሸክሞ ሰደደን። ፈተናው ኮምፓይለር መገንባት ነው። ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። ማሽኖቹ ላይ ያለው ኮምፓይለር ያረጀ ነው፤ የአዲሱን ጥሬ ኮድ በፍላሽ ሰጡንና፣ አለቃው ኢንጂነር ኢዩኤል፣ «ኢንተርኔት የሌለው ደንበኛ ቤት ሄዳችሁ እንደምትሠሩት አድርጋችሁ ራሳችሁ ገንቡት። ሐሙስ እስከ አሥር ሰዓት ይዛችሁ ኑ» አለን። ሐሙስ ዛሬ ነው። ፎርም አስሞሉን። ስም የሚለው ላይ ጠሂራ ብዬ ጻፍኩ። ቤት ውስጥ ሠርኬ ነኝ፤ ትምህርት ቤት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ መታወቂያዬ ላይ ጠሂራ ነኝ። ስልክ የሚለው ላይ የቤቱን ቁጥር ጻፍኩ፤ ሞባይሌን አውቶቡስ ተራ ግርግር ውስጥ ከኪሴ መንትፈው ከወሰዱብኝ ሳምንት አልሞላውም ነበር።

ተመርቄ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ ለፈተና የጠራኝ ይህ ድርጅት ብቻ ነው። ባለፈው ጁምዓ ጋሼና ሚስታቸው እትዬ ሐጀራ እራት ላይ፣ እኔ ሳህን እያነሳሁ፣ ከፆም በኋላ ኮንቴይነር እንደሚገባና ዕቃ ቤቱ እንደሚያስፈልግ አወሩ። «ሠርኬም እንግዲህ አያቷ ጋ ሄዳ ትረዳት፣ አሮጊቷ ብቻዋን ናት» አሉ እትዬ ሐጀራ። ጋሼ አጥንት እየጋጡ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አለቀ። አሥራ አራት ዓመት የኖርኩበት ቤት ጉዳይ በአንድ አጥንት አለቀ። ማንም እኔን ቀና ብሎ አላየኝም፤ እኔም ሳህኑን ይዤ ወጣሁ። እንግዲህ ሥራው ከተገኘ ካዛንቺስ ከጓደኛ ጋር ተጋርቼ ቤት እከራያለሁ፤ ካልተገኘ ቡታጅራ ነው። ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት የሚታወቀው ይህ ነበር።

ሲነጋጋ ጀምሬ ሦስት ሰዓት ገደማ ድረስ ሥራው ደህና ሄደ። ፊደሉ ስክሪኑ ላይ እንደ ጉድ ይወርዳል፣ ማሽኑ ያጓራል፣ እግሬን ያሞቀኛል። መብራት በፈረቃ ነበር፤ የእኛ ሰፈር ጨለማ ትናንት ስለነበር ዛሬ አይሄድም ብዬ አላህን አመሰገንኩ። ከዚያ ነው ልክ ጋሼ ስልኩን ሲዘጉ ቀጥ ያለው። ላይ ላዩን የጻፈው ስህተት ስለ ፋይል ስም ቅጥያ የሚያወራ፣ ምኑም ከምኑ የማይገናኝ ነገር ነው። ማሽን ደግሞ እንደ ዘመድ ነው፤ የተቆጣበትን ነገር ትቶ ሌላ ያወራል። እውነተኛውን ለማግኘት ውስጥ ገብቼ ማሽኑ ለራሱ የሚጽፈውን ማስታወሻ እስከ ታች አነበብኩ። አገኘሁት። ኮምፓይለሩ ብቻውን አይሠራም፤ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸው ላይብረሪ የሚባሉ ፋይሎች ያስፈልጉታል። ከእነዚያ አንዱን ጠርቶ ነበር። የተሰጠው መልስ፦ እንዲህ የሚባል ፋይል የለም።

እንዴት የለም? እኔ ራሴ በገዛ እጄ ትናንት ገንብቼ ያስቀመጥኩት ነው። ቦታው ድረስ ሄጄ አየሁ። ቁጭ ብሏል። ስሙ በትክክል ተጽፏል፣ መጠኑ ሙሉ ነው። ተመለስኩና እንደገና አስጀመርኩ፤ የለም አለኝ። ምናልባት ሲገነባ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ላይብረሪውን ደምስሼ እንደ አዲስ ገነባሁት፤ ይህ ራሱ አንድ ሰዓት በላ። በመሀል እትዬ ሐጀራ መጋረጃውን ገልጠው ሽንኩርት በሰፌድ ሰጡኝ፤ ስክሪኑን እያየሁ ከተፍኩ፣ እንባዬ ወረደ፣ የሽንኩርቱ ይሁን የሌላ አላጣራሁም። «ይሄ ነገር መብራት ይበላል አይደል?» አሉ ኮምፒውተሩን በአገጫቸው እያመለከቱ። «ዛሬ ይመለሳል እትዬ» አልኳቸው። «ጥሩ» ብለው ሄዱ። ሽንኩርቱን ስጨርስ ላይብረሪውም አለቀ፤ አስጀመርኩ፤ እንዲህ የሚባል የለም። ስክሪኑን በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም። ዓይኑ ስር ያለውን እንዴት ሰው አያይም? ሰው አልኩ፣ ማሽን ማለቴ ነው።

የጋሼን ምሳ ወደ ሱቅ ማድረስ የእኔ ሥራ ነው። ጥጋበኛ ልጅ ብሆን ዛሬ አልችልም እል ነበር፤ አላልኩም። ሳህኑን በፎጣ ቋጥሬ ወጣሁ። በመንገዴ ኢንተርኔት ቤት ጎራ ብዬ ይህ ስህተት የገጠመው ሌላ ሰው በዓለም ላይ ካለ ልፈልግ አስቤ ነበር። ባለቤቱ ወንበሩን አውጥቶ በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ «ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ የለም የኔ እህት» አለኝ። ከእሱ እስከ ሱቃችን ያለው መንገድ በሰውና በጋሪ ተጨናንቋል። «ዞር በይ!» የሚለኝ ተሸካሚ፣ «እህት፣ ምን ነበር?» የሚለኝ ደላላ፣ በትከሻው ገፍቶኝ የሚያልፍ ሁሉ አለ። መርካቶ ውስጥ ብቻውን የሚሆን ሰው የለም ይላሉ። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ግፊያ መሀል፣ ስሙን የማላውቀው ስህተት ጭንቅላቴ ውስጥ ይዤ፣ ለማን እንደምነግረው ሳስብ አንድም ሰው አልመጣልኝም። ይህ አስፈራኝ።

ሱቁ ጋ ስደርስ ጋሼ ከጎረቤት ነጋዴ ጋር ቆመው ስለ ዶላር ያወራሉ። ሻጩ በፍቃዱ ከወንበሩ ሳይነሳ አንዲት ሴትዮ ያስተናግዳል። ሴትዮዋ ከሆሳዕና ለሠርግ አዳራሽ መጋረጃ ልትገዛ የመጣች ነች፤ አረንጓዴ ሆኖ ወርቃማ ቅጠል ያለበት ትፈልጋለች። «የለም እናቴ፣ አልቋል» አላት በፍቃዱ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንስታ ልትሄድ ነው። ያን መጋረጃ አውቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ማታ ገብቶ ራስጌዬ ላይ የተደረደረው እሱ ነው፤ ስተኛ አፍንጫዬ ይነካዋል፣ የአዲስ ጨርቅ ሽታው ራስ ምታት ሰጥቶኛል። «አለ እኮ» አልኩ። «ቤት አለ። ስድስት ጣቃ።»

በፍቃዱ ዞር ብሎ አየኝ። «እኔ ሱቁንና ሲኒማ ራስ ጋ ያለውን መጋዘን ነው የማውቀው» አለ፤ አልተቆጣም፣ እንዲያው ነገሩን ሲያስረዳ ነው። «ቤት መግባቱን ማን ነገረኝ?»

ሳህኑን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ማን ነገረው? በፍቃዱ ለእያንዳንዱ ገዢ ከተማውን አይዞርም። የሚያውቃቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፤ እዚያ ከሌለ የለም ነው። ማሽኑም እንደዚያው ነው። ፋይል በተጠራ ቁጥር ዲስኩን ሙሉ አያስስም፤ ከተነገረው ቦታ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ያለውንም የሌለውንም አስቀድሞ መዝግቦ ከያዘው ያነባል። እኔ ላይብረሪውን አዲስ ቦታ አስቀመጥኩ እንጂ፣ እዚህ ቦታም ዕቃ አለ፣ መዝገብህን አድስ አላልኩትም። ዩኒቨርሲቲ እያለን ይህን የላብራቶሪው ኃላፊ አስቀድሞ ጨርሶልን ነበር የምንገባው፤ ስለዚህ መኖሩ ራሱ ተረስቶኛል። የአንዲት ትእዛዝ ነገር ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ያለቀስኩት በአንዲት ትእዛዝ ነው።

ጋሼ ወሬያቸውን አቋርጠው መጡ። «ጎሽ ሠርኬ!» አሉ ሴትዮዋ ፊት፤ ደስ ሲላቸው ፊታቸው አባቴን ይመስላል፣ ያን ጊዜ እወዳቸዋለሁ። ወዲያው ተሸካሚ ጠርተው፣ «ከልጅቷ ጋር ሂድና ስድስቱንም ጣቃ አምጣ» አሉት። ቤት ስንደርስ ተሸካሚው ጫማውን አውልቆ ዕቃ ቤት ገባና ጣቃውን ከራስጌዬ እየነቀነቀ ያወርድ ጀመር። የኮምፒውተሩ ሽቦ ከጣቃዎቹ ኋላ ነው የሚያልፈው። «ቀስ! ሽቦውን!» እያልኩ አንድ እጄ ሶኬቱን ይዞ፣ በሌላው እጄ ጻፍኩ። የአዲሱን ቦታ ስም መዝገቡ ላይ ጨመርኩ፣ አድስ የምትለውን ትእዛዝ ሰጠሁ። ዓይን እስኪጨፈን ድረስ እንኳ አልቆየም። ሥራውን ከቆመበት አስቀጠልኩት። ፊደሉ መውረድ ጀመረ፣ ያቺን የቆመባትን ቦታ አለፋት፣ ሄደ። «ኧረ ሄደ!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ተሸካሚው የመጨረሻውን ጣቃ ትከሻው ላይ እያደላደለ፣ «አልሐምዱሊላህ» አለኝ፣ ምን እንደሄደ ሳያውቅ። ያን ቀን ከእኔ ጋር የተደሰተ ሰው እሱ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አለቀ። ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ሞከርኩት፣ ሠራ። ማሽኑን በነጠላ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ አየኝና፣ «እህት፣ ሁለት ሰው ነሽ» አለኝ። የሁለት ሰው ከፈልኩ። በዚያ ቀን ከአንድ በላይ አድርጎ የቆጠረኝ እሱ ነው፤ ስለዚህ አልተከራከርኩትም። መንገዱ ሁሉ ሜክሲኮ ላይ እስኪዘጋጋ ድረስ የምከራየውን ክፍል አስብ ነበር። በር ያለው ክፍል። ከእንጨት ይሁን ከቆርቆሮ ግድ የለኝም፣ ብቻ ሲዘጋ ድምፅ የሚሰጥ።

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። ስደርስ ለአሥር ሰዓት ትንሽ ይቀረው ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ፣ ሳምራዊት የምትባል ደርባባ ልጅ፣ ጠረጴዛዋን እየወለወለች ነው። ኮምፒውተሩን ሳስቀምጥ ቀና ብላ አየችኝና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጠሂራ? አንቺ ነሽ?» አለች። «ጠዋት እኮ ደውለን ነበር። ኢንጂነር ኢዩኤል ከሰዓት በኋላ ለሥራ ወደ ሀዋሳ እንደሚሄድ ድንገት ተነገረው፤ እስከ ሰባት ሰዓት ድረሺ ልንልሽ። ሰውዬው እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ ቤት የለም ብሎ ዘጋብን።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የውሸት ቁጥር የሰጠሽን መስሎን… ሌላኛው ልጅ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ኢንጂነሩ ወዲያው ይዞት ሄደ።»

ምን ልበላት? ያ ሰውዬ አጎቴ ነው ልበላት? ከግድግዳው ወዲህ ቁጭ ብዬ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ ለደዋዩም አዝኜለታለሁ ልበላት? «ይሠራል እኮ» ነው ያልኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ነጠላውን ፈትቼ ማሽኑን ሶኬት ላይ ሰካሁትና አስነሳሁት፤ ፕሮግራሙን አሠራሁላት። አንዲት መስመር መጣች። ሳምራዊት ጎንበስ ብላ አየችው። «በቃ ይሄው ነው?» አለች፤ ቀጥላም እንዳታስቀይመኝ፣ «ጎበዝ ነሽ፣ ለኢንጂነሩ እነግረዋለሁ። ሌላ ቦታ ከተከፈተ እንደውላለን። ሌላ ቁጥር አለሽ?» የለኝም አልኳት። እሱኑ ቁጥር አሰመረችበት። ማሽኑ የእነሱ ስለሆነ እዚያው ተውኩት፤ ነጠላዬን ብቻ ይዤ ደረጃውን ወረድኩ። ስመለስ የአንድ ሰው ብቻ ከፈልኩ።

ጠሂራ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ በመንገድ ላይ አስታወስኩ፤ ማስታወስ አልፈለግሁም፣ ራሱ መጣ። አምስተኛ ክፍል ልገባ ጋሼ እጄን ይዘው ትምህርት ቤት ወሰዱኝ። መዝጋቢዋ ስሟ ማነው ስትል ዝቅ ብለው አዩኝ። «ሠርኬ እንላታለን፤ የከተማ ልጆች እንዳይስቁባት ግን ጠሂራ ብለሽ ጻፊልኝ። ከልጄ ከማሂራ ጋር ይሄዳል፣ እህትማማች ይምሰሉ» አሏት። እስከ ቤት ድረስ በሆዴ ጠሂራ፣ ማሂራ እያልኩ ሄድኩ። ቤት ስንገባ እትዬ ሐጀራ፣ «ሠርኬ፣ ነይ እስቲ ውሃ ቅጂ» አሉኝ፤ በቃ በዚያው ቀጠለ። ካርዴን የሚያይ አልነበረም፣ ደህና ውጤት ስለማመጣ ወላጅ አምጪ የሚለኝም አልነበረም። ስመረቅ ጋሼ ዕቃ ሊያመጡ ዱባይ ነበሩ፤ በፍቃዱን አበባ አስይዘው ላኩት። ስሜ ሲጠራ በፍቃዱ አላጨበጨበም። እኔ መሆኔን አላወቀም ነበር።

ቤት ስደርስ ከመግሪብ በኋላ ነው። ዕቃ ቤቱ ስድስት ጣቃ ጎድሎበት ሰፍቷል፤ ኮምፒውተሩ የነበረበት ሻንጣ ላይ አራት ማዕዘን አቧራ ቀርቷል። ሳሎን ውስጥ ጋሼ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ናቸው፣ እትዬ ሐጀራ ምስር ይለቅማሉ፣ ማሂራ ከክፍሏ ሙዚቃ ከፍታለች። ጋሼ ደስ ብሏቸዋል፤ ሴትዮዋ ስድስቱንም ጣቃ ወስዳለች። «ሠርኬ፣ የት ጠፍተሽ ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጠዋት ስልክ ተደውሎ ነበር አይደል?»

«አዎ፣ አንዱ ደውሎ ጠሂራን አቅርቡልኝ አለ። የለችም አልኩት። ምነው?»

«ጠሂራ እኔ ነኝ።»

እትዬ ሐጀራ እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ጋሼ አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩና እንደ አዲስ ዕቃ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ይቆጡ ይሆናል፣ ይደነግጡ ይሆናል፣ ያስታውሱ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ከሁሉ በላይ ማስታወሳቸውን ነበር የፈለግሁት፤ ሥራው ቀርቶ ያንን ብቻ ቢሰጡኝ እታረቅ ነበር።

«የትምህርት ቤት ስሜ ነው» አልኩ። «የሥራ ሰዎች ነበሩ። ሌላ ጊዜም ሊደውሉ ይችላሉ፤ ጠሂራ ካሉ እኔ ነኝ።»

«አሃ» አሉ ጋሼ። «እንዲያ ንገሪን እንጂ! እሺ፣ ሲደውሉ እንጠራሻለን። ሐጀራ፣ ሰማሽ? ጠሂራ ካሉ ሠርኬን ነው።» ከዚያ ስሙን አንዴ ለብቻው አሉት፣ ቀስ ብለው፣ ጨርቅ በጣታቸው እንደሚፈትሹት። «ጠሂራ። ጥሩ ስም ነው፣ ከማሂራ ጋርም ይሄዳል። ማን አወጣልሽ?»

አፌ ድረስ መጣ። ፊታቸውን አየሁ፤ ከልባቸው ነው የሚጠይቁኝ።

«አንድ ዘመድ» አልኳቸው።

«ጎበዝ ሰው ነው» አሉ። ዜና ጀምሮ ስለነበር ድምፁን ከፍ አደረጉት። እኔም ሄጄ እትዬ ሐጀራ አጠገብ ተቀመጥኩና ምስሩን አብሬያቸው መልቀም ጀመርኩ።